የሰባተኛው ጣቢያ ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መሥሪያ ቤቱ ሲሸኘኝ አንድ ጋቢ፣ አንድ የምስጋና ወረቀትና ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ሌንስ ሰጠኝ። ጋቢውን ለብሼዋለሁ፤ ወረቀቱ የት እንደገባ እንጃ። ሌንሱ ግን ይኸው ደብረ ማርቆስ እቤቴ፣ አልጋዬ ራስጌ፣ በጥድ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ባለቤቴ “ይኼን ነገር ከመኝታ ቤት አውጣልኝ፤ የሚያየኝ ይመስለኛል” ትላለች። አልፈርድባትም። እኔም አንዳንድ ቀን ክዳኑን ሳልከፍት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ያየውን ሁሉ አስባለሁ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ ግን ሙሽራ አላነሳሁም። ያነሳሁት ተራራ ነው። መሥሪያ ቤታችን የአፈርና የውኃ ጥበቃን ሥራ ይከታተል ነበርና ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ዘጠኝ ቦታ ላይ ምልክት ድንጋይ ተክሎ ነበር፤ እያንዳንዱን ቦታ ጣቢያ እንለው ነበር። በየዓመቱ በኅዳር፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ በያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቆሜ ያንኑ ማዶ በዚያው ሌንስ አነሳለሁ። አዲሱ ፎቶ ካምናው ጎን ሲቀመጥ ቦረቦሩ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ደኑ ምን ያህል እንደሳሳ ይታያል። ሃያ ዓመት አንድ ነገር ማንሳት አይሰለችም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ሰልችቶኝ አያውቅም፤ ፈርቼ ግን አውቃለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ውብሸት ናቸው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከአማኑኤል ከተማ መጥቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጣቢ ሆኜ ስቀጠር፣ እሳቸው ሽበታቸው የገነነ፣ አጭር፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ካርታ ሥራ ላይ ጨርሰው ነው ወደኛ የመጡት። ሌንሱንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ክንድ ከስንዝር የሚረዝም፣ ባለ አራት መቶ ሚሊ ሜትር፣ የጀርመን ሥሪት ቱቦ ነው። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ነገር የለበትም፤ ምስሉን የሚያጠራው የሰው እጅ ነው። ቢሮ ውስጥ “መድፉ” ነበር የሚባለው። ሰው ከጦርነት ገና በወጣበት ጊዜ ስለነበር ስሙ ጣጣ አምጥቶብን ያውቃል። አንድ ጊዜ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብለን መቆሚያው ላይ ገጥመነው ሳለ አንድ ሚሊሻ ከኋላችን መጥቶ “እጅ ወደ ላይ!” አለን። ጋሽ ውብሸት እጃቸውን ሳያነሱ “ና ተኩሰው” ብለው ቦታ ለቀቁለት። ሚሊሻው ዓይኑን አስጠግቶ ማዶውን አየ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ገርጥቶ ነበር። “የወንድሜ ቤት እኮ ነው። ሲበሉ አየኋቸው” አለና ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ፤ ዞር ብሎም አላየን።

ያን ጊዜ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። ማዶውን በዓይን ስታየው ዝም ያለ ዳገት ነው። በሌንሱ ስታየው ሳይጠሩህ ሰው ቤት የገባህ ያህል ነው። ሰዎች ያወራሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አንዱ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ያርፋል፤ አራት እስክትቆጥር ዝምታ ነው፤ ከዚያ “ጧ” የሚለው ይደርስሃል፤ ሰውዬው ግን መጥረቢያውን መልሶ አንስቷል። ሁልጊዜ ማየቱ ይቀድማል፣ መስማቱ ይከተላል። ከዚህ የተለየ ያጋጠመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሌንሱ ላይ ርቀት የሚያሳዩ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። መጨረሻ ላይ የተጋደመች ስምንት አለች፤ ማለቂያ የሌለው ሩቅ ማለት ናት። ተራራ የሚያነሳ ሰው ቀለበቱን እሷ ላይ ቢገጥም የጨረሰ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ቀን እንዲያ ሳደርግ ጋሽ ውብሸት እጄን መቱኝ።

“ብረት ነው እኮ! ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲሞቀው ይለጠጣል። ምልክቱ የተቀረጸው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ አንተ ያለኸው ሮብ ገበያ ብርድ ላይ ነው። ምልክቱን ተውና ማዶውን እይ።”

እሳቸው ቀለበቱን ማዶው ጥርት እስኪል ያዞሩና እዚያ አያቆሙም። አልፈውት እንደገና እስኪደበዝዝ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ አልፈው፣ ሦስት ጊዜ ተመልሰው፣ መሃሉ ላይ እጃቸውን ያነሳሉ። “መጥራቱን የምታውቀው ስታልፈው ነው” ይሉኝ ነበር።

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዩ ጋ እንደርሳለን። ሌንሱ ከሣጥኑ ወጥቶ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ ብርዱን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት በጋቢ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ነፋስ እንዳያርገበግበው ከመቆሚያው ሥር ድንጋይ የሞላበት ከረጢት ይንጠለጠላል። ከመሃሉ በክር የታሰረ ቱንቢ ይወርድና ምልክቱ ድንጋይ ላይ ከተነቀሰችው ነጥብ ጋር ይገጥማል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ማለቅ አለበት። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ አየሩ ይፈላል፤ በረጅም ሌንስ ሲታይ ቤቱም ዛፉም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የኛ የሥራ ቀን አንዲት ሰዓት ነበረች፤ የቀረው መንገድ ነው። ለመንገዱም የምትሰጠው የውሎ አበል ለጫማ ሶል አትበቃም ነበር።

ጋሽ ውብሸት የሚያደርጓቸው ሁለት ነገሮች ግን ብዙ ጊዜ አልገቡኝም። አንደኛው ደብተራቸው ነው። ያምናውን ፎቶ ከቦርሳ ከማውጣታቸው በፊት ማዶውን አይተው ያዩትን ይጽፋሉ። “ያምናውን ቀድመህ ካየህ ዓይንህ እሱን ይፈልጋል። መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ አመሳክር።” ሁለተኛው ከሰል ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ ሲተክሉ ከሥሩ ክንድ ያህል ቆፍረው አንድ እፍኝ ከሰልና የጠርሙስ ቂጥ ቀብረዋል። “ድንጋይን ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ ሰው ይነቅለዋል” አሉኝ። “ከሰል ግን አይበሰብስም፣ ማንም አይሰርቀውም። ድንጋዩን የተጠራጠርክ ቀን ቆፍር፤ ከሰሉ እውነቱን ይነግርሃል።”

ሰባተኛው ጣቢያ ከሮብ ገበያ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ሸለቆው በአየር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማዶ ዳገቱ ላይ አንድ ጥድ የምትባል ጎጥ ነበረች። ከጎጧ ኋላ፣ ሌላ ያንኑ ያህል ርቆ፣ ጥቁር ገደል አለ፤ ገደሉን ከላይ እስከ ታች አንድ ስንጥቅ ይወርድበታል። ረጅም ሌንስ በመሃል ያለውን ርቀት ይውጠዋልና በፎቶው ላይ ገደሉ ከቤቶቹ ጀርባ የተለጠፈ ይመስላል። የአንዱ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ልክ ስንጥቁን ይነካዋል። መግጠሚያችን እሱ ነበር። ጠርዙ ስንጥቁን ከነካ በትክክለኛው ቦታ ቆመናል ማለት ነው።

የዚያ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ልብ አላልኳትም። በሁለተኛው ዓመት በዚያው ጧት፣ በዚያው በር፣ እጇን ወደ ጎን አውርዳ፣ ቀጥ ብላ፣ ወደኛ ዞራ ቆማለች። ከብት አትነዳ፣ ውኃ አትቀዳ፣ ዝም ብላ መቆም ብቻ።

“ጋሽ ውብሸት፣ ታየናለች እንዴ?”

“በዚህ ርቀት? ከዝንብ አንበልጥባትም።”

“ታዲያ ምን ታያለች?”

ቱንቢውን ወደ ማስተካከል ተመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ግን ደብተራቸው ላይ “ሴትዮዋ ቆማለች” ብለው ሲጽፉ አየሁ፤ ጽፈውም ትንሽ አማተቡ።

ብዙም ሳይቆይ ሳንባቸውን ታመው ሥራ አቆሙ። ሌንሱን ከነሣጥኑ፣ ደብተሩንም ከነርሳሱ ሰጥተውኝ “አደራ ድንጋዩን” አሉኝ። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ደብረ ኤልያስ ቅርንጫፍ ተመድቤ ፎርም ስሞላ ከረምኩ። የዚያን ቅርንጫፍ ኃላፊ የማስታውሰው በማኅተሙ ብቻ ነው፤ ከኪሱ አይለይም ነበር። ጋሽ ውብሸት ያረፉት እኔ እዚያ ሳለሁ ነው፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለት ዓመት ቆሞ ወደነበረው የፎቶ ሥራ ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ። አዲሱ አለቃዬ አቶ አለልኝ ይባላል፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሪፖርት የሚወድ ሰው። በዚያ ኅዳር አራተኛው ጣቢያ ስደርስ ምልክት ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተቆፋፍሮ አገኘሁት። ነጥብ ያለበት ድንጋይ ሥር ጣልያን ወርቅ ቀብሯል የሚል ወሬ ባገሩ ነበርና፣ ወርቅ ፈላጊዎች ከሰል አግኝተው ተናደው በትነውታል። በሳምንቱ ሰባተኛው ጣቢያ ወጣሁ። ድንጋዩ በቦታው ቆሟል። ገጣጥሜ ሳይ ግን የጣሪያው ጠርዝ ስንጥቁን አልነካም። የክር ውፍረት ያህል ወደ ግራ ርቋል።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከሰሉን ልቆፍር ብል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ብርሃኑ ያመልጠኛል፣ ነገ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ልመጣ ነው። “እነዚህ ወርቅ ፈላጊዎች እዚህም ደረሱ! ነቅለው መልሰው ሲተክሉት አዛንፈውታል” አልኩ። እናም ጠርዙ ስንጥቁን እስኪነካ ድረስ ድንጋዩን ወደ ግራ ሁለት ክንድ አዛወርኩት። ሁሉም ገጠመ። አነሳሁ። ሴትዮዋም በሯ ላይ ቆማ ነበር።

በዓመቱ እንደገና አልገጥም አለ። እንደገና ተራግሜ ሁለት ክንድ አዛወርኩ። በየዓመቱ እየመጣ አንድ ድንጋይ ሁለት ክንድ የሚነቅል ምን ዓይነት ሌባ ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ደብተሩንም ትቼው ነበር። መጀመሪያ ያምናውን ፎቶ አወጣለሁ፣ ከዚያ ማዶውን ከሱ ጋር አስገጥማለሁ። አቶ አለልኝ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ “የእርስዎ ሥራ እኮ ካምናው ፀጉር አይዛነፍም! ሥራ ማለት ይኼ ነው” ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ኅዳር ጧቱ ጭጋግ የሌለው፣ ነፋስ የሌለው፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ነበር። ድንጋዩን ሦስት ክንድ አዛውሬ ጨረስኩና ዓይኔን መመልከቻው ላይ አደረግኩ። ሴትዮዋ ቆማለች። ድንገት አንገቷን አዙራ ወደ ዳገቱ ቀና አለች። እኔም ዳገቱን አየሁ፤ ማንም የለም፤ የወደቀ ዛፍ የለም፣ የተንከባለለ ድንጋይ የለም። አራት ያህል ስቆጥር ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን የሚመስል፣ ግን ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ጥልቅ ድምፅ ነበር። ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ግን አለ። ሴትዮዋ አንገቷን መልሳ እንደገና ወደኔ ቆመች። ፎቶውን አነሳሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ኋላ ሳላይ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ ልናገር?

በግንቦት የአንድ ጥድ ሰዎች አቤቱታ ይዘው ቢሯችን መጡ። የሚናገርላቸው አቶ ይታየው የተባለ፣ ጎልማሳ፣ እጁ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የተጣበቀበት ገበሬ ነበር።

“ጌቶች፣ የቤቴ በር አልዘጋ አለኝ” አለ። “ሦስት ጊዜ በመላጊያ ላግሁት። ስልገው ይገጥማል፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ አይገጥምም። ምንጩም ቦታውን ለቆ ታች ወጣ። ቤቱ ነው፣ መሬቱ ነው፣ እንጃ፤ ብቻ አንድ ነገር እየሄደ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሌላ ቦታ ምሩን።”

አቶ አለልኝ ወደኔ ዞረ። “ፎቶው ምን ይላል?”

የሦስቱን ዓመት ፎቶ ደረደርኩ። ጠርዙ ስንጥቁን ነክቷል፤ አምናም ነክቷል፤ ካቻምናም ነክቷል። “የተንቀሳቀሰ ነገር የለም” አልኩ። በሙሉ አፌ ነው ያልኩት። ድምፁ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ዋጥኩት።

አቶ ይታየው ፎቶዎቹ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ሊነካቸው እጁን ሰንዝሮ መለሰው። “እንግዲህ መሣሪያ ካየው እኛ ምን እንላለን” አለ። እጅ ነስቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቀትር ላይ፣ ሕዝቡ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ዳገቱ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያኛው አለታማ ጉብታ ላይ ስለሆነ ሰዉ ተረፈ። ቅዳሴውን አቋርጠው ሲወጡ ከጎጧ እኩሌታው አልነበረም። አንድ ሰው ሞተ። በሬዎቹን ሊጠብቅ የቀረው አቶ ይታየው ነው። በሩ አልከፈት ብሎት ይሁን፣ ጊዜ አጥቶ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ወሬውን ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ስሰማ ቁጭ አልኩ። እንድቀመጥ ወንበር ያቀረበልኝ ማን እንደነበር አላስታውስም።

ኅዳር እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰባተኛው ጣቢያ ወጥቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ሌንሱን ማውጣት አልነበረም። ድንጋዩ ዱሮ የነበረበትን ጠባሳ ከሣሩ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁ። ክንድ ያህል ቆፈርኩ። ከሰሉ ነበር። የጠርሙሱም ቂጥ ነበር። ጋሽ ውብሸት ከላይ የደለደሉት ነጭ ጠጠር እንኳ ሳይነካካ እንደነበረ ተኝቷል። እዚህ ቦታ ማንም መጥቶ አያውቅም። ወርቅ ፈላጊ የለም፣ ሌባ የለም። ድንጋዩን በሕይወቱ የነቀለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ተራራው ሲሄድ አብሬው ሄጃለሁ። ማዶ ያለው አንድ ክንድ ሲንሸራተት ከዚህ ሁለት ክንድ በማዛወር እንዳይታይ አድርጌዋለሁ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ድንጋዩን አንከባልዬ በከሰሉ ላይ ተከልኩት፣ ሌንሱን ገጠምኩ፣ ሦስት ጊዜ አልፌ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ማዶው ቀይ አፈር ብቻ ነው። ቤት የለም፣ ጣሪያ የለም፣ በር የለም። በሩ በነበረበት ልክ፣ አፈሩ ላይ፣ ሴትዮዋ ቆማለች። እጇን ወደ ጎን አውርዳ፣ ቀጥ ብላ፣ ወደኔ ዞራ። ጥቁር ለብሳለች።

ሸለቆውን ወርጄ ወጣሁ። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እሷ አሁንም እዚያው አፈሩ ጠርዝ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሩቅ የማውቀው ፊት በቅርብ ሲታይ ያስፈራል። ጉንጯ ላይ ንቅሳት እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።

“እንደምን ዋሉ” አልኩ።

ሣጥኑን አየችው። “እርስዎ ነዎት ዓይኑ?” አለችኝ።

ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

“በኅዳር፣ ጧት፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ብልጭ ይላል” አለች። “ሰዉ ጋኔን ነው ብሎ ልጆቹን ያስገባል። ባሌ ይታየው ግን ‘አይደለም ማንጠግቦሽ፣ የመንግሥት ዓይን ነው፤ እኛን ያያል’ አለኝ። መጀመሪያ ላይ ወና ቤት እንዳይመስለው ብዬ ነው በሩ ላይ የቆምኩት። በሩ ማጋደል ከጀመረ ወዲያ ግን ላሳየው ነው። እኔ ቀጥ ብዬ ስቆም፣ ከኔ ጎን የበሩ መጋደል ይታያላ! እንዳልነቃነቅ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አላዩትም?”

ቦርሳዬ ውስጥ የሦስቱ ዓመት ፎቶ ነበር። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ በሩን አየሁ። ሴትዮዋ ከዓመት ዓመት ቀጥ ብላለች። መቃኑ ግን መጀመሪያ ከትከሻዋ ጋር ይሄዳል፣ ቀጥሎ ይርቃታል፣ በሦስተኛው ከጭንቅላቷ በላይ አጋድሎ ይታያል። እኔ እዚህ ቱንቢ ሳወርድ እሷ ማዶ ቱንቢ ሆና ቆማ ነበር። አንድም ቀን በሩን አላየሁትም። ጣሪያውን ብቻ ነበር የማየው።

“ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ምልክቱን ድንጋይ ያዛወርኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ስንፍናዬ፣ “የተንቀሳቀሰ የለም” ስላልኩት ነገርኳት። ይቅርታ የሚለውንም ቃል በመጨረሻ አወጣሁት።

“በጠቅላላው ስንት ክንድ አዛወሩት?”

“ሰባት።”

እጇን ቀዩ አፈር ላይ አሳረፈች። “ይታየውን ያገኙት ሰባት ክንድ ቆፍረው ነው።”

እውነት ለክተውት ይሁን፣ ወይ እሷ ያን ሰዓት ለክታልኝ ይሁን፣ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት የሚል ቁጥር ስሰማ እጄን የማደርግበት አጣለሁ።

ስነሳ “ድንጋዩን መለሱት?” አለችኝ። መልሼዋለሁ አልኩ። “እንግዲያው ሁለተኛ አይንኩት” አለች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ቢሮ ስመለስ የሆነውን ጻፍኩ። አቶ አለልኝ “ምን አስፈለገ? ወረቀት የሞተ አያስነሳ” ብሎ ሊያስተወኝ ሞከረ። እምቢ አልኩ። አንድ ማስጠንቀቂያና የወር ደመወዝ ቅጣት ደረሰብኝ፤ እዚህ የማነሳው ስለ ደረሰብኝ እንጂ ስለ ከበደኝ አይደለም። ለተረፉት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አለቱ ላይ፣ ቦታ ተሰጣቸው፤ ያም ከሰባተኛው ድንጋይ ይታያል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፊልሙ ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ መጣ። ሌንሱን ከሱ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት አሠርቼ እንደ ድሮው በእጄ አጠራሁበት። ደብተሩን ሳልጽፍ ያምናውን ፎቶ አውጥቼ አላውቅም። ሴትዮዋም በየኅዳሩ በአዲሱ ቤቷ በር ላይ ትቆም ነበር።

እኔ ስወጣ ሥራውን የተረከበው ወጣት ባለሙያ በሰው አልባ በራሪ፣ በድሮን ነው የሚያነሳው። በግማሽ ቀን ዘጠኙንም ይጨርሳል፤ ፎቶውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኔ ይበልጣል። ድንጋይም ከሰልም አያስፈልገውም። አንድም ቂም የለኝም።

ባለፈው ኅዳር ግን ስልክ ተደወለልኝ። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጅ ናት። “እናቴ ናት ደውዪ ያለችኝ” አለች። “ዘንድሮ ዓይኑ አልበራም፣ ሦስት ጧት ቆሜ ጠበቅሁ፣ ማን እያየን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አለች።”

በማግሥቱ ሮብ ገበያ በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። እዚያ አድሬ፣ ሣጥኑን በበቅሎ አስጭኜ፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዩ ጋ ደረስኩ። የያዝኩት ከሌንሱ ጋር የተሰጠኝን አሮጌ የፊልም ካሜራ ነው፤ ፊልም የለውም። መስታወቱን ወለወልኩት፣ ጋቢዬን አልብሼ ብርዱን እስኪለምድ ጠበቅሁት። ቱንቢው ነጥቡ ላይ አረፈ። ሦስት ጊዜ አልፌ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

በሩ ላይ ቆማለች። አርጅታለች፣ ቀጥ ማለቱ ግን አልቀረም። ብዙ ቆመች። ከዚያ ዞር አለችና የቆርቆሮ በሯን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ መልሳም ዘጋችው። ድምፅ የለም። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከማዶ “ጓ” ብሎ ደረሰኝ።

የጋሽ ውብሸትን ደብተር ከፍቼ ጻፍኩ፦ “ሴትዮዋ ቆማለች። በሩ ይገጥማል።”